የተፈጥሮ አደጋ ከሩቅ ባሕር እስከ በርበሬ በረንዳ

በአዲስ አበባ መርካቶ፥ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ፥ በርበሬ በረንዳ የሚባል የገበያ ሰፈር አለ። ከእናንተ መካከል በእግሩ ረግጦት የማያውቅ ብዙ ገበሬ ይኖር ይሆናል፤ ምርቱ ግን ደርሶበታል። ከማረቆ፥ ከሐላባ፥ ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም አካባቢ የሚነሣው ዛላ በርበሬ በጆንያ ተጠቅጥቆ በጭነት መኪና ወደዚያ ይገባል። ነጋዴው የጆንያውን አፍ ፈትቶ አንድ እፍኝ ያወጣል፤ ቀለሙን ያያል፥ ጆሮው አጠገብ ይነቀንቀዋል፥ ያሸተዋል፥ አጥፎም ይሰብረዋል። ፍሬው ውስጥ ውስጡን የሚንሿሿ፥ ሲታጠፍም ቀጭ ብሎ የሚሰበር ከሆነ ዋጋ ይነጋገራል። እንደ ቆዳ የሚተጣጠፍ ከሆነ ዋጋውን ይሰብራል። ሻጋታ ከሸተተው ደግሞ ጆንያውን መልሶ ያስራል፥ ወይም ደግሞ፥ ክፉ ነጋዴ ከሆነ፥ ለሚፈጭ በርበሬ ብሎ በርካሽ ይወስደዋል።

ይህ ጽሑፍ የሚነገረው ስለ ድርቅ፥ ስለ ጎርፍና እነርሱን ስለሚመስሉ አደጋዎች ነው። በርበሬ በረንዳን በመጀመሪያ ያነሣነው፥ ከአገራችን በጣም ርቆ በባሕር ላይ የተጀመረ የአየር ለውጥ በእናንተ ማሳ ላይ አልፎ መጨረሻ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ እርሱ ስለ ሆነ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ያለ ወቅቱ የዘነበ ዝናብ በዚያ ጆንያ ውስጥ ይገኛል። በሐምሌ የቀረ ዝናብም እንዲሁ፤ ጆንያው ሳይመጣ በመቅረቱ ይታወቃል።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት፥ ሌላ ካልተባለ በቀር ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

በዓለም ላይ አደጋው እየበዛ ነው ወይ?

የዓለም የሚቲዎሮሎጂ ድርጅት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1970 እስከ 2021 ድረስ በአየር ጠባይና በውሃ ምክንያት የደረሱትንና የተመዘገቡትን አደጋዎች ቢቆጥር 11,778 ሆኑ። በእነዚህ አደጋዎች ከ2 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ሞቷል። ከሟቾቹ ከ10ሩ 9ኙ እንደ እኛ ባሉ በማደግ ላይ በሚገኙ አገሮች የሚኖሩ ነበሩ።

ከዚህ ቆጠራ ሁለት ነገር ይታያል፤ ሁለቱም እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ይመስላሉ። የአደጋዎቹ ቁጥር በ50 ዓመት ውስጥ 5 እጥፍ ያህል ጨምሯል። የሞተው ሰው ቁጥር ግን ቀንሷል፤ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የአውሮፓውያን ዓመታት በቀን በአማካይ 170 ሰው ይሞት የነበረው፥ በ2010ዎቹ በቀን ወደ 40 ወርዷል።

ቁጥሩ የጨመረበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። ቀድሞ በገጠር ጎርፍ ሰው ቢወስድ የሚጽፍ አልነበረም፤ ዛሬ በማግሥቱ ይሰማል። ሕዝብም በዝቷል፥ ቀድሞ ሰው በማይሰፍርበት የወንዝ ዳርና ገደል ላይ ቤት ተሠርቷል። ሦስተኛው ግን የምድር መሞቅ ነው። ሞቃት አየር ከቀዝቃዛ አየር ይልቅ ብዙ እርጥበት ይሸከማል፤ ሙቀቱ በ1 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የሚሸከመው እርጥበት በ100 እጅ 7 ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ያው ሞቃት አየር ዝናብ በሌለበት ጊዜ ከመሬታችሁና ከሰብላችሁ ላይ እርጥበትን አብልጦ ይመጥጣል፤ በሚዘንብበት ጊዜ ደግሞ አብልጦ ይጥላል። ድርቅና ጎርፍ በአንድ ዘመን አብረው ሊበዙ የሚችሉት በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ ገበሬ "ይህ ሰማይ ምን ነካው፥ ወይ አይዘንብ ወይ አይተው" ሲል የሚያማርረው ነገር በሳይንስም ትክክል ነው ማለት ነው።

የዓለም መንግሥታት የአየር ንብረት ሊቃውንት ሸንጎ እንዳጠናው፥ ፋብሪካ ሳይስፋፋ በነበረው ዘመን በ10 ዓመት 1 ጊዜ ይመጣ የነበረ ከባድ ዝናብ ዛሬ 1.3 ጊዜ ያህል ይመጣል። በደረቅ አካባቢዎች በ10 ዓመት 1 ጊዜ የነበረውም የእርሻ ድርቅ ዛሬ 1.7 ጊዜ ያህል ሆኗል። የምድር ሙቀት 2 ዲግሪ ቢጨምር ከባድ ዝናቡ ወደ 1.7፥ ድርቁም ወደ 2.4 ይደርሳል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር 2024 ከዚያ በፊት ከተመዘገቡት ዓመታት ሁሉ የሞቀ ሲሆን፥ ከድሮው ዘመን 1.55 ዲግሪ ያህል በልጦ ነበር። ልጆቻችሁ የሚያርሱት ከእናንተ አባቶች ባሰ ተለዋዋጭ በሆነ ሰማይ ሥር ነው፤ ይህን ማቃለል አይገባም።

ሟቹ የቀነሰበትን ምክንያት ለመረዳት ባንግላዴሽ የምትባለውን አገር መመልከት ይጠቅማል። በኅዳር 1963 ዓ. ም. ገና የፓኪስታን ክፍል ሳለች፥ ከባሕር የተነሣ ዐውሎ ነፋስ ሌሊት ደርሶ ቢያንስ 300 ሺህ የሚገመት ሰው ፈጀባት። በግንቦት 2012 ዓ. ም. በዚያው ባሕር አምፋን የተባለ ብርቱ ዐውሎ ነፋስ ተነሣ። በዚህ ጊዜ ግን ማስጠንቀቂያው በሬዲዮና በስልክ፥ በየመንደሩም በድምፅ ማጉያ በተላኩ በጎ ፈቃደኞች ቀድሞ ተዳረሰ፤ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ወደ መጠለያ ገባ። በዚያች አገር የሞቱት በአሥሮች የሚቆጠሩ ብቻ ነበሩ። ባሕሩ ያው ነው፥ ድህነቱም ፈጽሞ አልጠፋም። የተለወጠው፥ ወሬው ከነፋሱ ቀድሞ መድረሱና ሰውም ሰምቶ መነሣቱ ነው።

በአፍሪካ ከደረሱት የአየር ጠባይ አደጋዎች በቁጥር የሚበዛው ጎርፍ ነው፤ ከ100ው 60 ያህሉን ይይዛል። ከሞቱት ሰዎች ግን ከ100ው 95ቱን የገደለው ድርቅ ነው። ጎርፍ በአንድ ሌሊት ስለሚመጣ ሁሉ ያየዋል። ድርቅ በወራት ቀስ እያለ ስለሚገባ ሲታወቅ ጊዜው አልፏል። ስለዚህ ስለ እርሱ ረዘም አድርገን እንናገራለን።

የድርቃችን አመጣጥ

ከእኛ በጣም ርቆ፥ በአሜሪካና በእስያ መካከል፥ ሰላማዊ ውቅያኖስ የሚባል ታላቅ ባሕር አለ። በጥቂት ዓመታት አንድ ጊዜ የዚህ ባሕር ምሥራቃዊ ውሃ ከልማዱ ይሞቃል። የፔሩ ዓሣ አጥማጆች ይህ ነገር በልደት በዓል ሰሞን ሲመጣ ስላዩት ኤልኒኖ፥ ማለት "ሕፃኑ" ብለው ሰየሙት። ውሃው ከልማዱ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ላኒና ይባላል። የባሕሩ ሙቀት ሲለወጥ በላዩ ያለው የነፋስ ዑደት ይለወጣል፤ የነፋሱም መለወጥ ዓለምን ዞሮ ወደ እኛ ይደርሳል።

በኤልኒኖ ዓመት በሰሜን፥ በመካከለኛውና በምሥራቅ ደጋችን የሚዘንበው የክረምት ዝናብ የመቀነስ ዝንባሌ አለው። በዚያው ዓመት ከመስከረም ወዲህ ግን በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ቆላ ዝናቡ ይበረታል። በላኒና ጊዜ ነገሩ ብዙውን ጊዜ ይገለበጣል፤ ደጋው ይጠግባል፥ ቦረናና ሶማሌ ይጠማሉ። የወሎ ገበሬና የቦረና አርብቶ አደር በአንድ ባሕር ምክንያት ይራባሉ፤ ጊዜያቸው ግን ይለያያል።

በ1964 ክረምት ኤልኒኖ ነበረ፤ የ1965 እና የ1966 ዓ. ም. የወሎ ረሃብ ተከተለ። በ2007 ክረምትም ብርቱ ኤልኒኖ ነበረ፤ በታኅሣሥ 2008 ዓ. ም. የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው ሰው 10.2 ሚሊዮን መሆኑ ተገለጸ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ. ም. ላኒና ሦስት ዓመት ተከታትላ በመምጣቷ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ 5 የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ፤ የቦረናና የሶማሌ ከብት በሚሊዮን አለቀ። ወዲያው በጥቅምትና በኅዳር 2016 ዓ. ም. ኤልኒኖ ተተክቶ በዚያው በሶማሌ ክልል ጎርፍ ሆነ። ከድርቁ የተረፈችው ፍየል በጎርፍ ተወሰደች።

ይሁን እንጂ ሁሉን ነገር በኤልኒኖ ማሳበብ ስሕተት ነው። በ1976 ዓ. ም. በልጉም ክረምቱም የቀረው፥ 1977ንም ያን የመሰለ ዘመን ያደረገው ድርቅ በኤልኒኖ ዓመት የመጣ አልነበረም። በዚያ ላይ ጦርነት ነበረ፥ እህል የሚሄድበት መንገድ ተዘግቶ ነበረ፥ መንግሥትም ዘገየ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ. ም. የነበረውን ክፉ ቀን ብንመለከት ደግሞ፥ መነሻው ከዝናቡ ይልቅ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት ደስታ በሽታ ነው። ከ10 ከብት 9ኙ እንዳለቀ ይገመታል፤ በሬ ያጣ ገበሬ ዝናብ ቢዘንብለትም የሚያርስበት አልነበረውም። ይህ በሽታ በ2003 ዓ. ም. ከዓለም ፈጽሞ መጥፋቱ ታውጇል። ከክፉ ቀን ምክንያቶች አንዱ በክትባትና በከብት ሐኪም ትጋት ጨርሶ ተነቅሏል ማለት ነው። እኔ በበኩሌ ስለ አደጋ ስናገር ይህን ሳልጠቅስ ማለፍ አልወድም፤ ስለ መጪው ዘመን ሲነገር የሚሰማው ሁሉ ክፉ ብቻ ሲሆን ሰው ይሰለቻል፥ እጁንም ያጣምራል።

የ2008ቱ ድርቅ እንደ 1977ቱ ሕዝብ ያልፈጀበትም ምክንያት ሊታወቅ ይገባል። መንገድ ነበረ፤ ከ1997 ዓ. ም. ጀምሮ የተቋቋመው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ነበረ፤ የድርቁም ወሬ ቀድሞ ተሰምቶ ነበር።

እዚህ ላይ ለልማት ሠራተኞች አንድ ነገር ልናገር። ብዙ ሰው ረሃብ ሊመጣ ሲል የእህል ዋጋ ይወደዳል፥ ስለዚህ ገበያውን ማየት ይበቃል ይላል። አማርትያ ሴን የተባሉት የኢኮኖሚ ሊቅ የወሎን ረሃብ መርምረው፥ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል እንዳልተሰቀለ አሳይተዋል። ገበሬው ምርቱ ጠፍቶበት የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም፤ ገዢ ከሌለ ዋጋ አይነሣም። እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ አገር የሚጫን እህል ነበረ። ስለዚህ በማስታወሻችሁ ላይ የእህል ዋጋ ብቻ አትጻፉ። አንድ በሬ ወይም አንድ ፍየል ተሸጦ ስንት ቁና እህል እንደሚገዛ በየገበያው ቀን ጻፉ። ይህ ልክ ሳምንት በሳምንት እየወረደ ሲሄድ ካያችሁ፥ ሰው ከብቱን ያለ ጊዜው እያወጣ ነው፤ ያን ጊዜ ለወረዳ አመልክቱ።

በበርበሬ ላይ የሚደርሰው

በርበሬ ገንዘብ የሚያስገኝ ሰብል ነው፤ ግን በሰማይ ጠባይ ለመጎዳት ከጤፍና ከማሽላ ይቀድማል። ችግኙ በመጋቢትና በሚያዝያ በመደብ ይፈላል፥ ክረምቱ ሲገባ ይተከላል፥ ፍሬው ከጥቅምት ጀምሮ ይቀላል። ስለዚህ ሦስት ቀጭን በሮች አሉት ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው ተከላ ነው። አንድ ቀን ጥሩ ዝናብ ሲዘንብ ተደስቶ የተከለ ገበሬ፥ ሰማዩ 10 ቀን ቢደርቅበት ችግኙን ያጣል። በአየር ጠባይ ጥናት የታወቀ አንድ መለኪያ አለ፤ በ3 ተከታታይ ቀን ውስጥ 20 ሚሊሜትር ያህል ከዘነበ፥ ከዚያም ወዲያ ባሉት 30 ቀናት ረጅም የደረቅ ጊዜ ካልተከተለ ክረምቱ ገብቷል ይባላል። የመጀመሪያውን ራሳችሁ መለካት ትችላላችሁ፤ ሁለተኛውን ደግሞ ከትንበያ ትጠይቃላችሁ። ከዚህም ሌላ ዘሩን ሁሉ በአንድ ቀን አታፍሉ። ግማሹን አፍልታችሁ የቀረውን ከ2 ሳምንት በኋላ ብታፈሉ፥ ዝናቡ ቢዘገይ የሚተከል ዕድሜው ያላለፈ ችግኝ ይኖራችኋል።

ሁለተኛው ሐምሌና ነሐሴ ነው። በርበሬ ውሃ ይወዳል፥ እግሩ በውሃ ውስጥ መቆሙን ግን አይችልም። ውሃ በተኛበት ማሳ የማጠውለግ በሽታ ይገባል፤ ጠዋት ደኅና የነበረው ተክል በማግሥቱ ቅጠሉን ጥሎ ይገኛል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄደውም በሚፈስሰው ውሃ ነው። መድኃኒት ፍለጋ ከመሮጥ በፊት ፈሰስ ማውጣት ይሻላል። በከፍታ ትልም ላይ ትከሉ፤ በየጥቂቱ ትልም መካከል ፈሰስ አውጡ፤ የፈሰሱም አፍ ወደ ጎረቤት ማሳ እንዳይሆን ተነጋገሩበት፥ በዚህ ምክንያት የሚነሣው ጠብ ብዙ ነውና። በርበሬ በነበረበት ማሳ ላይ በርበሬ፥ ቲማቲም ወይም ድንች 3 ዓመት ያህል አትመልሱ፤ በቆሎ ወይም ጤፍ ይከተለው። ከባድ ዝናብ እየበዛ በሚሄድበት ዘመን ይህ አሮጌ ምክር ከበፊቱ ይልቅ ዋጋ አለው።

ሦስተኛው፥ ከሁሉም የሚያሰጋው፥ ማድረቅ ነው። ቀድሞ ኅዳር ማለት ፀሐይና ደረቅ ነፋስ ማለት ነበር። ገበሬው በርበሬውን በአውድማ ወይም በግቢው መሬት ላይ አስጥቶ ወደ ጤፍ አጨዳው ይሄዳል። ዛሬ ግን ያለ ወቅቱ የሚዘንብ ዝናብ በመኸር ሰብል ላይ መድረሱ የተለመደ ሆኗል፤ በኤልኒኖ ዓመት ደግሞ በደቡብና በስምጥ ሸለቆ በኩል ላሉ የበርበሬ አገሮች ሥጋቱ ይጨምራል። መሬት ላይ የተሰጣ በርበሬ አንድ ሌሊት ከዘነበበት ከላይ ቢደርቅም ከውስጡ ይሻግታል።

ይህ ሻጋታ ዋጋ ከመቀነስ ያለፈ ጉዳት አለው። ከሻጋታዎቹ አንዱ ዓይነት አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል። መርዙ አይታይም፥ አይሸትም፥ በመቁላትና በማብሰልም ፈጽሞ አይጠፋም። ለብዙ ጊዜ ሲበላ ጉበትን ይጎዳል፥ የጉበት ነቀርሳም ያመጣል። የአውሮፓ ኅብረት በ1 ኪሎ በርበሬ ከ10 ማይክሮግራም በላይ አፍላቶክሲን ካለበት አያስገባም። ይህ ምን ያህል ጥቂት እንደ ሆነ ለመገመት፥ በ1,000 ኩንታል በርበሬ ውስጥ 1 ግራም ማለት ነው። የሻገተውን ፍሬ ለይቶ "ለድቁስ ይሆናል" ብሎ ማስፈጨት መርዙን ለብዙ ሰው ማካፈል ነው፤ የሚበሉትም የመርካቶ ሰዎች ብቻ አይደሉም፥ የራሳችሁ ልጆች ጭምር ናቸው።

ስለዚህ ቆጥ ሥሩ። እንጨት ተክላችሁ ከመሬት 1 ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ቀርከሃ ወይም ሸምበቆ ርብራብ ርብርቡበት፤ የሽቦ መረብ ያገኘ ሰው ሽቦውን ይዘርጋበት። ነፋስ ከታች እንዲገባ መሆኑ ነው ዋናው ጥቅሙ። በርበሬውን ሳታደራርቡ ስስ አድርጋችሁ አስጡ፥ በቀን ሁለት ጊዜ አገላብጡ። ማታ ጤዛ ከመውረዱ በፊት ሸራ ወይም ላስቲክ አልብሱት፤ ጠዋት ጤዛው ከረገፈ በኋላ ግለጡት። ላስቲኩን በፀሐይ ሰዓት እንዲሁ ደፍኖ መተው ላብ አስልቦ ያሻግታል። በደንብ ሳይቀላ የተለቀመ በርበሬ ቀለሙ አይይዝም፤ እጅግ ቆይቶ መሬት የነካውንም ከጥሩው ጋር አትቀላቅሉ። የሻገተውን ቅበሩ ወይም አቃጥሉ። ሲደርቅ ልክ እንደ በርበሬ በረንዳው ነጋዴ ነቅንቃችሁ አድምጡት፥ ሰብራችሁም እዩት።

ክብደት እንዲጨምር ወይም በመንገድ እንዳይሰባበር ብሎ ውሃ የሚረጭ አለ። በጆንያ ውስጥ ውሃና ሙቀት ሲገናኙ የሚሆነውን ከላይ ተናግረናል፤ መድገም አያስፈልግም። በቤት የሚቆይ ከሆነም ጆንያውን በእንጨት ርብራብ ላይ አድርጉት፥ ከግድግዳ አርቁት።

አንድ ሌላ ነገር። የአምናው የበርበሬ ዋጋ ጥሩ ነበርና ዘንድሮ መሬቴን ሁሉ በርበሬ አደርጋለሁ የሚል ገበሬ ብዙ ነው። በድርቅ ዓመት ግን እህል ይወደዳል፥ ሰው ደግሞ ገንዘቡ ሲያጥርበት ከበርበሬው በፊት እህሉን ይገዛል። በርበሬውም እህሉም በአንድ ዓመት ቢጠፋበት በእጁ የሚቀር የለም። የቤተሰቡን የዓመት ቀለብ የሚያወጣ መሬት ለእህል ሳይለዩ ለበርበሬ መትከል አይገባም ባይ ነኝ።

ስለ ሌሎች አደጋዎች በአጭሩ

በ2012 እና በ2013 ዓ. ም. አገራችንን የወረረው የበረሃ አንበጣ ያደገው በዓረብ በረሃ ነው። በግንቦት 2010 እና በጥቅምት 2011 ዓ. ም. ሁለት ዐውሎ ነፋሶች ከሕንድ ውቅያኖስ ተነሥተው ሰው በማይኖርበት በሩብ አልኻሊ በረሃ ላይ ዝናብ ጣሉ፤ አንበጣው በዚያ ማንም ሳያየው ሦስት ትውልድ ተራባ። 1 ኪሎ ሜትር ካሬ የሚሸፍን መንጋ በአንድ ቀን የ35,000 ሰው ምግብ ያህል ይበላል። ክንፍ ሳያወጣ ኩብኩባ ሳለ ነው የሚያዘው፤ ኩብኩባ ያየ ገበሬ ዛሬውኑ ይናገር።

ጎርፍን በሚመለከት በሐምሌ 1998 ዓ. ም. መጨረሻ በድሬዳዋ የሆነውን አስቡ። ዝናቡ በስተደቡብ ባለው ደጋ ላይ ዘነበ፤ ደረቅ ሆኖ ይታይ የነበረው የደቻቱ ወንዝ ግን ሌሊት ከተማው ተኝቶ ሳለ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። በራሳችሁ ላይ ስላልዘነበ ወንዙ አይመጣም አትበሉ። ከብት በደረቅ ወንዝ ውስጥ አታሳድሩ።

በሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ. ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ መሬት ተንሸራትቶ ቤቶችን ቀበረ፤ ጎረቤት ለማዳን ተሰብስቦ ሲቆፍር ሁለተኛው ናዳ በላዩ መጣ። ከሞቱት ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ብዙዎቹ ሊያድኑ የሄዱት ናቸው። መሮጡ የሰውነት ግዴታ ነው፥ ማንም አይነቅፈውም። ቢሆንም ከሚቆፍሩት መካከል አንድ ሁለት ሰው ወደ ላይ የሚያይ ይኑር። ከቤታችሁ በላይ ባለው ተዳፋት መሬቱ ከተሰነጠቀ፥ ዛፍ ካዘነበለ፥ ንጹሕ የነበረ ምንጭ በድንገት ከደፈረሰ፥ ዝናቡ እስኪያባራ ሌላ ቦታ እደሩ።

የመሬት መንቀጥቀጥና የእሳተ ገሞራ ከምድር መሞቅ ጋር ግንኙነት እንዳላቸው አልታየም። ስምጥ ሸለቆ የሚሰነጠቅ ምድር ስለ ሆነ ከጥንት ጀምሮ ይኖራሉ፤ በ1953 ዓ. ም. በካራ ቆሬ በኩል የደረሰው መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷታል። በ2017 ዓ. ም. በአዋሽና በፈንታሌ አካባቢ የነበረው አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። በኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ. ም. በአፋር ሃይሊ ጉቢ ፈንድቶ አመዱ የመንን ተሻግሮ ሕንድ አገር ደርሷል። አመድ በወደቀበት ግጦሽ ከብት አታሰማሩ፤ የመጠጥ ውሃችሁንም ክደኑ።

ትንበያውን እንዴት እንስማ?

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በዓመት ለሦስቱ ወቅቶች፥ ለበጋ፥ ለበልግና ለክረምት፥ ትንበያ ያወጣል። ብዙ ገበሬ "ይዘንባል አሉ፥ አልዘነበም" ብሎ የሚተወው አነጋገሩ ስላልተገለጸለት ነው። ትንበያው ለምሳሌ "ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ 40፥ መደበኛ 35፥ ከመደበኛ በላይ 25" ቢል፥ እንዲህ ያለ ዓመት 10 ጊዜ ቢመጣ በ4ቱ ዝናቡ ያንሳል፥ በ6ቱ ግን አያንስም ማለት ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ወሬ ሲሰማ በርበሬውን ጨርሶ መተው አያስፈልግም። ሥራው መሬትን መከፋፈል ነው፤ ለዝናብ እጥረት የሚታገሠውን ማሽላ ወይም ቶሎ የሚደርስ ጤፍ ማስፋት፥ በርበሬውን ውሃ በሚቋጥረው ማሳ ላይ ማሳነስ። የልማት ሠራተኛው ትንበያውን በስብሰባ ላይ አንብቦ ብቻ መሄድ የለበትም፤ ቀበሌው ካለፉት ዓመታት የትኛውን እንደሚመስል ከሽማግሌዎች ጋር ቆጥሮ ያስረዳ።

የትንበያው ትልቁ ጉድለት ለአገር እንጂ ለአንድ ማሳ አለመነገሩ ነው። በአንድ ቀበሌ ውስጥ እንኳ ከወንዙ ወዲህ ዘንቦ ከወዲያ ላይዘንብ ይችላል። ይህን ልዩነት መያዝ የምትችሉት እናንተ ናችሁ፤ መሣሪያውም ብዙ ወጪ የለውም። ጎኑ ቀጥ ያለ፥ አፉና ታችኛው ስፋቱ እኩል የሆነ የቆርቆሮ ጣሳ ፈልጉ። ከዛፍና ከጣሪያ ርቆ በተተከለ እንጨት ላይ፥ ከመሬት 1 ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ቀጥ ብሎ እንዲቆም እሰሩት። በየቀኑ ጠዋት በ3 ሰዓት የተማሪ ማስመሪያ አቁማችሁ ውሃው ስንት ሚሊሜትር እንደ ሆነ አንብቡ፥ ከዚያ ድፉት። 1 ሚሊሜትር ማለት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሊትር ውሃ ወደቀ ማለት ነው። 20 ሚሊሜትር ሲዘንብ 50 ካሬ ሜትር የሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ እስከ 1,000 ሊትር፥ ማለት 5 በርሜል ያህል ውሃ ሊሰጥ ይችላል፤ አሸንዳ ያለው ሰው ለችግኙ ያጠራቅመዋል።

ቀኑንና ልኩን በደብተር ጻፉ፤ ያልዘነበበትንም ቀን ዜሮ ብላችሁ ጻፉ፥ ባዶ አትተዉት። መጻፍ የማይችል ቢኖር ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጁ ይጻፍለት። በወሩ መጨረሻ የልማት ሠራተኛው ደብተሩን ተመልክቶ ልኩን ወደ ራሱ መዝገብ ይገልብጥ፥ ደብተሩን ግን ለባለቤቱ ይመልስ።